ያልጻፍነው ባክስላሽ፦ ከዳታቤዝ በተነበበ ጽሑፍ ላይ የሚታየውን ኢስኬፕ እስከ ምንጩ ስለ መከተል

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ለዛሬው ንግግር የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ የማጠፋው በአንዲት ምልክት ላይ ነው። አንድ ተጠቃሚ በድረ ገጽ ፎርም ላይ «የ'ኔ» ብሎ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ጽሑፉ ከዳታቤዝ ተነብቦ ሲመለስለት ግን «የ\'ኔ» ሆኖ ያገኘዋል። ከነጠላ ጥቅሱ ፊት የተደነቀረውን ባክስላሽ እሱ አልጻፈውም፤ ፕሮግራመሩን ብትጠይቁትም «እኔም አልጻፍኩትም» ይላችኋል። አንዳንዴ ደግሞ ባክስላሹ ቀርቶ በጥቅሱ ቦታ &#039; የሚል ድርድር ይመጣል፤ አለዚያም የአማርኛው ቃል ከነጭራሹ ጠፍቶ ቁጥሮች ብቻ ተሰልፈው ይታያሉ። መልካቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ቤተሰብ ችግሮች ናቸው፤ ሁሉም የሚፈጠሩት ኢስኬፕ የምንለው ነገር፣ ማለትም ልዩ ትርጉም ካለው ምልክት ፊት የሚጨመር ወይም በቦታው የሚተካ ጽሑፍ፣ በማይገባው ቦታ ሲገኝ ነው።

ይህን ያየ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ገጹን በሚያሳየው ስክሪፕት ውስጥ ስትሪፕስላሽስ የተባለውን ባክስላሽ ነቃይ ፋንክሽን ይጨምራል፤ ምልክቱ ሲጠፋለት ሥራው አለቀ ብሎ ይሄዳል። እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አሁን ሳስበው ያ እርምጃ ችግሩን ከዓይን ከመሰወር ያለፈ ነገር አላደረገም፤ እንዲያውም ምንጩ ሳይነካ መፍሰሱን እንዲቀጥል ረድቶታል። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ማጽጃ ሳይሆን መለኪያ ነው።

ኢስኬፕ የጽሑፉ አካል አይደለም፤ ጽሑፉ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲሻገር ለመሻገሪያው ያህል ብቻ የሚለብሰው ነገር ነው። ዳታቤዝን በምናዝበት ቋንቋ፣ በኤስኪዩኤል፣ አንድ ጽሑፍ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በነጠላ ጥቅስ ነው፤ በመካከሉ ያለው ጥቅስ «እኔ ማብቂያ አይደለሁም» የሚል ምልክት ካልተደረገበት ዳታቤዙ ጽሑፉ ያለቀ ይመስለዋል፤ የተረፈውንም እንደ ትእዛዝ ሊያነበው ይሞክራል። ኤስኪዩኤል ኢንጀክሽን የሚባለው ጥቃት የሚገባውም በዚሁ ቀዳዳ ነው። ማይኤስኪዩኤል በተባለው ዳታቤዝ ይህ ምልክት ባክስላሽ ነው፤ ዳታቤዙ ሲያገኘው ትርጉሙን ይረዳል፤ ከተረዳ በኋላም ይጥለዋል። ሠንጠረዡ ውስጥ የሚቀመጠው «የ'ኔ» ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢመስልም ንግግሬ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው፦ በትክክል የተደረገ ኢስኬፕ ሲነበብ ፈጽሞ አይታይም። ከታየ ወይ ጽሑፉ ሲገባ ሁለት ጊዜ ተደርጎበታል፣ ወይ ዳታቤዙ በማያውቀው ቋንቋ ተደርጓል፣ ወይ ሲነበብ መንገድ ላይ ሌላ እጅ ጨምሮታል፣ አለዚያም የሚጨምረው እኛ የምንመለከትበት መሣሪያ ራሱ ነው። ስትሪፕስላሽስ እነዚህን አራቱን ለይቶ አያውቅም፤ የማንም ይሁን ያገኘውን ባክስላሽ ይነቅላል፤ በፋይል አድራሻ ውስጥ የነበረውንና ተጠቃሚው ሆን ብሎ የጻፈውን ጭምር። «ሰነዶች\ሪፖርት» የነበረው «ሰነዶችሪፖርት» ሲሆን ተጠቃሚው የሚያጉረመርመው በእኛ ላይ ነው፤ እውነትም አለው።

አንድ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። የማስታወሻ መመዝገቢያ የሆነ፣ ፒኤችፒ በተባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ አሮጌ ሲስተም እንድጠግን ተሰጠኝ። ቅሬታው «አንዳንድ ማስታወሻዎች ባክስላሽ ያበቅላሉ» የሚል ነበር። «ያበቅላሉ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ፈገግ አሰኝቶኝ ነበር፤ በኋላ ግን ከዚያ የተሻለ ገለጻ እንደሌለ ገባኝ። አንድ የሙከራ ማስታወሻ ከፈትኩ፤ «የ'ኔ» ብዬ አስቀመጥኩ፤ ማስተካከያውን ገጽ ከፍቼ ምንም ሳልነካ ደግሜ አስቀመጥኩ፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ እንዲሁ። ከእያንዳንዱ ማስቀመጥ በኋላ ዳታቤዙ ውስጥ ከጥቅሱ ፊት ያሉትን ባክስላሾች ስቆጥር 1፣ 3፣ 7፣ 15 ሆኑ። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አድስላሽስ የተባለው የፒኤችፒ ኢስኬፕ አድራጊም ሆነ የማይኤስኪዩኤሉ የኢስኬፕ ፋንክሽን እያንዳንዱን ባክስላሽ ሁለት ያደርጉታል፤ ለጥቅሱ ደግሞ አንድ ይጨምሩለታል። ስለዚህ አንድ ዙር ሲያልፍ አንዱ ሦስት፣ ሦስቱ ሰባት፣ ሰባቱ አሥራ አምስት ይሆናሉ። በዚያ ሲስተም ላይ ፎርሙ ሲደርስ ፒኤችፒ ራሱ አንድ ጊዜ ኢስኬፕ ያደርጋል፤ ስክሪፕቱ ደግሞ ያንን ሳያውቅ ሁለተኛ ይደግመዋል፤ ዳታቤዙ ሲቀበል የሚያወልቀው አንዱን ዙር ብቻ ነው። የተረፈው ዙር ከጽሑፉ ጋር ይቀመጣል፤ በማስተካከያው ገጽ ላይ ይታያል፤ ተጠቃሚው ሲያስቀምጥም ተመልሶ ይገባና ይባዛል።

የማሳያው ገጽ ላይ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ስትሪፕስላሽስ ጨምሮ ነበር። ይህ ፋንክሽን በአንድ ጥሪ አንድ ዙር ብቻ ይፈታል፤ አንዱን ባክስላሽ ያጠፋል፣ ሦስቱን ግን ወደ አንድ ያወርዳል እንጂ አይጨርስም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀመጠ ማስታወሻ ንጹሕ ሆኖ ሲታይ፣ ሁለተኛ የተስተካከለው ምልክቱን ያወጣ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣ ሌላ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ስትሪፕስላሽስ ደርቦበታል። ሦስተኛውን እንድጨምር የተጠራሁት እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ልኬቱ ልግባ። ምልክት ሲታያችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው፤ መልሱ ግን በዓይን ብቻ አይገኝም። የማይኤስኪዩኤል የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም በባች ሁኔታ ሲሠራ፣ ማለትም ውጤቱ ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲላክ፣ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ባክስላሽ ሁለት አድርጎ ያወጣዋል፤ ይህን የሚያስቆመው ጥሬውን አውጣ የሚለው አማራጭ፣ «ሮው» የሚባለው ነው። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋም የተነበበውን ረድፍ በሙሉ እንዳለ ፕሪንት ካደረጋችሁት የምታዩት ጽሑፉን ሳይሆን የጽሑፉን የፕሮግራም ኮድ አጻጻፍ ነው፤ ነጠላና ድርብ ጥቅስ አብረው የያዘ ጽሑፍ ባክስላሽ ጨምሮ ይታያል፣ በአሮጌው ፓይተን 2 ደግሞ አማርኛው በሙሉ ወደ ቁጥር ይለወጥ ነበር። ዓምዱን ብቻ ነጥላችሁ ፕሪንት ብታደርጉ ግን ምልክቱ የለም። ብራውዘሩም በተቃራኒው ያታልላል፤ &#039; ሲደርሰው ጥቅስ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ የተበላሸ ጽሑፍ ንጹሕ መስሎ ያልፋል። የገጹን ሶርስ ሳይከፍቱ በብራውዘር ስለሚታይ ጽሑፍ መፍረድ አይገባም።

ስለዚህ ዓይንን ትተን ርዝመትን እንጠይቅ። ዳታቤዙ ራሱ የጽሑፉን ርዝመት በባይት የሚናገር ሌንግዝ የተባለ ፋንክሽን አለው። ፊደላትን በባይት የምንጽፍበት ስልት (ኢንኮዲንግ) በሆነው በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ነጠላ ጥቅስ 1 ባይት ነው። እንግዲያው «የ'ኔ» 7 ባይት መሆን አለበት። 8 ከወጣ አንድ ባክስላሽ አብሮ ተቀምጧል ማለት ነው። 12 ከወጣ ጥቅሱ &#039; ሆኖ ገብቷል፤ ይህ ድርድር ስድስት ካራክተር ነውና። 16 ከወጣ ደግሞ ያ ድርድር ራሱ እንደገና ኢስኬፕ ተደርጎ፣ የመጀመሪያዋ & በተራዋ ወደ አምስት ካራክተር ተቀይራለች። 7 ከወጣ ግን ዳታቤዙ ነጻ ነው፤ ፍለጋው ወደ ንባቡ መንገድ ይዞራል። ጥርጣሬ ካለ ሄክስ የተባለው ፋንክሽን ባይቶቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ነጠላ ጥቅስ 27፣ ድርብ ጥቅስ 22፣ ባክስላሽ ደግሞ 5ሲ ሆኖ ይታያል። ይህች ልኬት አንድ ደቂቃ አትፈጅም። እኔ ያየኋቸው የተራዘሙ ክርክሮች አብዛኞቹ ግን ማንም እሷን ሳይወስድ የተካሄዱ ነበሩ።

ሁለተኛውን ልኬት የምንወስደው ስክሪፕቱ ውስጥ፣ ረድፉ ከዳታቤዝ እንደወጣ፣ ማንም ሳይነካው ነው፤ ሦስተኛውን ለብራውዘሩ ከመላኩ በፊት። ቁጥሩ በተለወጠበት በሁለቱ መካከል ጥፋተኛው አለ።

ዳታቤዙ 7 እያለ ስክሪፕቱ 8 ያለበት ሁኔታ የፒኤችፒን የቆየ ታሪክ ያስታውሰናል፤ ወጣቶቹ ላታውቁት ስለምትችሉ ጥቂት ልቆይበት። ፒኤችፒ በአንድ ወቅት ማጂክ ኮትስ የሚባል አሠራር ነበረው። ሐሳቡ ለጀማሪው ማዘን ነበር፤ ኢስኬፕ ማድረግ የሚረሳ ሰው እንዳይጠቃ፣ ቋንቋው ራሱ ከፎርም፣ ከአድራሻና ከኩኪ የመጣውን ሁሉ ቀድሞ ኢስኬፕ ያደርግ ነበር። ይህኛው ክፍል ሳይነኩት የበራ ሆኖ ነበር የሚመጣው። ብዙም የማይታወቅ አንድ ወንድም ግን ነበረው፤ ማጂክ ኮትስ ራንታይም ይባላል። እሱ የሚሠራው በሚገባው ላይ ሳይሆን በሚነበበው ላይ ነው፤ ከዳታቤዝም ሆነ ከፋይል በሚወጣ ጽሑፍ ላይ ባክስላሽ ይጨምራል። ሳይነኩት የጠፋ ሆኖ ይመጣ ስለነበር ማንም አይጠረጥረውም። ነገር ግን ስክሪፕቱ እየሠራ ሳለ ሊበራ ይችላል፤ በአንድ ሩቅ ፋይል ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ታበራዋለች፤ ያንን ፋይል የሚጠሩ ገጾች ላይ ብቻ ባክስላሽ ይታያል፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ ያው ረድፍ ንጹሕ ይሆናል። «በአንዱ ገጽ ይታያል፣ በሌላው አይታይም» የሚል ቅሬታ የሰማ ሰው በዚያ ዘመን ቀጥታ ወደዚያ መሄድ ነበረበት። ምስል በዳታቤዝ ያስቀመጡ ሰዎች ደግሞ የከፋ ነገር ያዩ ነበር፤ ዋጋው ዜሮ የሆነ ባይት ሁሉ ወደ ባክስላሽና ዜሮ አሃዝ ስለሚለወጥ ምስሉ ይሰፋል፣ አይከፈትምም። ማጂክ ኮትስ ሳይቤዝ የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት ሲበራ ደግሞ ባክስላሽ የለም፤ «የ''ኔ» ተብሎ ጥቅሱ ራሱ ይደገማል።

ይህ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ፒኤችፒ 5.3 ላይ «አትጠቀሙበት» ተባለ፤ በ2012 በወጣው 5.4 ላይ ጨርሶ ተወገደ። ታዲያ ለምን አነሣዋለሁ? አንደኛው ምክንያት በዚያ ዘመን የገባው ጽሑፍ ዛሬም በሠንጠረዦቻችን ውስጥ መኖሩ ነው፤ ቋንቋው ቢጸዳም ረድፉ አልጸዳም። ሁለተኛው ደግሞ ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ነው። ዎርድፕረስ የቆዩ ተቀጥላዎቹ እንዳይሰበሩ ሲል ማጂክ ኮትስን በራሱ ኮድ ይዞ ቀርቷል፤ ከፎርም የሚመጣውን ሁሉ ዛሬም ኢስኬፕ አድርጎ ነው የሚያስረክበው። ተቀጥላ ጻፊው ያንን ጽሑፍ እንዳለ ወስዶ በራሱ ጥያቄ፣ ጽሑፉን ከትእዛዙ ለይቶ በሚልከው በፕሪፔርድ ስቴትመንት ካስገባው ባክስላሹ በዳታቤዙ ውስጥ ይቀራል። በሌላ በኩል የዎርድፕረስ የራሱ የሜታ (የተጨማሪ መረጃ) ማስቀመጫ ፋንክሽኖች ጽሑፉ ኢስኬፕ የተደረገ ነው ብለው ስለሚገምቱ ባክስላሽ ያወልቃሉ፤ ንጹሕ ጽሑፍ ብትሰጧቸው እውነተኛውን ባክስላሽ ይበሉታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 3.6 ለዚሁ ሲል ባክስላሽ የሚያወልቅና የሚያለብስ ጥንድ ፋንክሽን አምጥቷል፤ ዛሬም በትክክል የሚጠቀምባቸው ሰው ጥቂት ይመስለኛል።

ፕሪፔርድ ስቴትመንትን ካነሣሁ አይቀር፣ በዛሬ ኮድ ላይ ከማያቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። በፕሪፔርድ ስቴትመንት ጽሑፉና ትእዛዙ ለየብቻ ስለሚያዙ ፕሮግራመሩ ኢስኬፕ የማድረግ ሥራ የለበትም። ከአሮጌው ኮድ ወደ አዲሱ የተሻገረ ፕሮግራመር ግን ጥያቄውን ይቀይርና የኢስኬፕ ፋንክሽኗን «ለጥንቃቄ» ብሎ እዚያው ይተዋታል። አሁን የሚያወልቅለት የለም፤ ባክስላሹ ጽሑፍ ነው ተብሎ ይቀመጣል። ለጥንቃቄ ተብሎ የተደረበ ኢስኬፕ ጥበቃ አይጨምርም፤ ጽሑፉን ብቻ ያበላሻል።

የሌላው ዳታቤዝ፣ የፖስትግሬስኪዩኤል፣ ተጠቃሚዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ገጥሟቸዋል። በኤስኪዩኤል ስታንዳርድ መሠረት ጥቅስ ኢስኬፕ የሚደረገው በድጋሚ ጥቅስ እንጂ በባክስላሽ አይደለም፤ ፖስትግሬስም እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው 9.1 ጀምሮ ይህንን መደበኛ አሠራሩ አድርጎታል። በእሱ ፊት ባክስላሽ ተራ ካራክተር ነው። አድስላሽስ ያደረገበትን ጽሑፍ ብትልኩለት ድርብ ጥቅሱ ከነባክስላሹ ይገባል፤ ነጠላ ጥቅሱ ግን ጽሑፉን እዚያው ይዘጋዋል፤ ማለትም ተጠበቅሁ ያለው ኮድ ለጥቃት ክፍት ነው። እንዲሁም ከ9.0 ጀምሮ የባይት ዓምድ ሲነበብ በ\ኤክስ የሚጀምር የቁጥርና የፊደል ድርድር ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ስሕተት ሳይሆን አዲሱ አወጣጥ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ ስክሪፕቶች ግን ስላልጠበቁት ይደነግጣሉ።

አሁን ባክስላሹን ትቼ ወደ &#039; ልሻገር። እዚህ ላይ የተሻገረው ድንበር የድረ ገጽ መጻፊያው ቋንቋ ኤችቲኤምኤል ነው፤ ጽሑፍ ወደ ገጽ ሲወጣ እንደ < እና & ያሉ ምልክቶች የገጹ ትእዛዝ እንዳይመስሉ ይለወጣሉ። ይህ መደረግ ያለበት ሲወጣ ነው። አንድ ሰው ሲገባ ካደረገውና ገጹን የሚያወጣው ቴምፕሌትም በራሱ ከደገመው፣ ተጠቃሚው &#039; ፊት ለፊት ያየዋል። ከድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች መካከል ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው 1.0፣ ሬይልስ በ2010 ከወጣው 3.0 ጀምሮ ቴምፕሌቶቻቸው በራሳቸው ኢስኬፕ ያደርጋሉ፤ አሮጌ ሠንጠረዥ ይዞ ወደ እነዚህ የተሸጋገረ ሰው ትናንት የማይታየው ምልክት ዛሬ የወጣበት ለዚህ ነው። ምልክቱ ቀድሞም ነበረ፤ ብራውዘሩ ይሸፍነው ነበር እንጂ።

ደግነቱ ይህ ዓይነቱ ምልክት የሠሪውን አሻራ ይይዛል። በ39 ፊት ዜሮ ያለበት &#039; ብዙውን ጊዜ የፒኤችፒው ኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ አሻራ ነው። ዜሮ የሌለው &#39; ከሆነ ሌላ እጅ ነው፤ የጂንጃ፣ የሩቢና የጎ ቴምፕሌቶች እንዲህ ይጽፋሉ፤ ፒኤችፒ ውስጥ ደግሞ ስትሪንግ ሳኒታይዝ የሚባለው የመግቢያ ማጣሪያ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ፒኤችፒ 8.1 «አትጠቀሙበት» እስኪባል ድረስ ብዙ ፎርም ጽሑፍን ከመቀመጡ በፊት በእሱ ውስጥ ያሳልፍ ነበር። በዚሁ በ8.1 ላይ ኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ ሳይታዘዝ ነጠላ ጥቅስንም መለወጥ ጀምሯል፤ ከዚያ በፊት ድርብ ጥቅስን ብቻ ነበር የሚነካው። ስለዚህ ኮዱ ሳይነካ፣ ሰርቨሩ ብቻ ከፍ ተደርጎ፣ «ጥቅሶቹ ተበላሹ» የሚል ቅሬታ ከመጣ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

በእኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከጥቅስ ያልፋል። የግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው መለኪያ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትም ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠው ቁጥር በኢስኬፕ መልክ ሲወጣ ቃሉ ፈጽሞ አይለይም። «ሀሳብ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ገጹ በዩቲኤፍ-8 ካልተዘጋጀ፣ ብራውዘሩ ፎርሙን ሲልክ በገጹ ኢንኮዲንግ ሊጻፍ የማይችለውን ፊደል በቁጥር ይተካዋል፤ ወደ ሰርቨሩ የሚደርሰው &#4608;&#4659;&#4709; ነው። ስክሪፕቱም ዳታቤዙም እጃቸው የለበትም፤ ኢስኬፕ ያደረገው የተጠቃሚው ብራውዘር ነው። ሦስት ፊደል የነበረው ቃል ሃያ አንድ ካራክተር ሆኖ ይቀመጣል። በገጹ ላይ ሲወጣ ብራውዘሩ ስለሚፈታው «ሀሳብ» ተብሎ በደንብ ይነበባል፤ ስለዚህ ለዓመታት የሚያስተውለው የለም። ሰው «ሀሳብ» ብሎ ሲፈልግ ምንም አለመገኘቱ፣ የዓምዱም ቦታ ባልተጠበቀ ፍጥነት መሙላቱ ነው የሚያጋልጠው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ካገኛችሁ አስቀድማችሁ የገጹን ኢንኮዲንግ አስተካክሉ፤ አለዚያ የጸዳው ነገ ተመልሶ ይቆሽሻል።

ሌላው በር ጄሰን የተባለው የመረጃ መለዋወጫ አጻጻፍ ነው። የፒኤችፒ ጄሰን ኢንኮድ ሳይታዘዝ አስኪ (መሠረታዊው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ስብስብ) ያልሆነውን ሁሉ፣ ዩ በምትባለው የላቲን ፊደልና በቁጥር ይለውጠዋል፤ ፓይተንም እንዲሁ ያደርጋል። የላቲኗን ፊደል በእኛዋ «ዩ» ተክቼ ብጽፈው «ሀሳብ» \ዩ1200\ዩ1233\ዩ1265 ይሆናል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የጄሰን አንባቢ ይፈታዋል። ጥፋቱ የሚመጣው ይህ ጄሰን ያለ ኢስኬፕም ያለ ፕሪፔርድ ስቴትመንትም ወደ ማይኤስኪዩኤል ሲላክ ነው። ማይኤስኪዩኤል የማያውቀውን የባክስላሽ ቅንብር ሲያገኝ ባክስላሹን ጥሎ ቀጣዩን ፊደል ያስቀምጣል፤ በዓምዱ ውስጥ የሚቀረው ዩ1200ዩ1233ዩ1265 ብቻ ነው። የዎርድፕረስ ሜታ ፋንክሽኖችም ንጹሕ ጄሰን ሲሰጣቸው ይህንኑ ያደርጋሉ። ልብ በሉ፣ ቀደም ሲል የተረፈ ባክስላሽ ነበር ችግሩ፤ እዚህ የጎደለ ባክስላሽ ነው፤ ምንጩ ግን ያው ነው፤ የተለበሰውና የተወለቀው ቁጥር አልተመጣጠነም። ፒኤችፒ ከ5.4 ጀምሮ ጄሰን ኢንኮድ የዩኒኮድ ፊደላትን እንዳሉ እንዲተዋቸው የሚያዝዝ አማራጭ አለው፤ አማርኛ የሚያስቀምጥ ሰው ሁልጊዜ ሊያበራው ይገባል እላለሁ፤ ጽሑፉ በዳታቤዙ ውስጥ ሲታይ በሰው ዓይን መነበቡ ብቻውን ለጥገና ትልቅ ጥቅም ነው። የተጎዱትን ረድፎች ለመመለስ ደግሞ ፊደሎቻችን ዕድለኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ በ1200 እና በ137ኤፍ መካከል ስለሚገኙ፣ ከላቲኗ ዩ ቀጥሎ 12 ወይም 13 ከዚያም ሁለት የሄክስ ምልክት ያለበትን ብቻ ፈልጎ መለወጥ በቂ ነው፤ በተራ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅንብር አይገጥምም ማለት ይቻላል።

ስለ ጽዳቱ የምለው አጭር ነው። አስቀድሞ መግቢያው ይዘጋል፤ ማለትም ሁለት ጊዜ ኢስኬፕ የሚያደርገው ኮድ ይስተካከላል፤ ማሳያው ላይ ያለችው ስትሪፕስላሽስ ግን ለጊዜው ትቆያለች። ቀጥሎ መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰዳል። ከዚያ የተጎዱት ረድፎች ብቻ ይመረጣሉ፤ መለያውም ባክስላሽ መኖሩ ሳይሆን ባክስላሹ ጥቅስ ፊት ለፊት መቆሙ ነው፤ የፋይል አድራሻዎቹ የሚድኑት በዚህ ነው። ዙሮቹ ይቆጠራሉ፤ 7 ባክስላሽ ያለበት ረድፍ ሦስት ጊዜ፣ 3 ያለበት ሁለት ጊዜ ይፈታል፤ ሁሉንም በአንድ ልክ መፍታት አይገባም። በመጨረሻ ከማሳያው ላይ ማጽጃዎቹ ይነሣሉ። እኔ በዚያ የማስታወሻ ሲስተም ላይ የሠራሁት በዚህ ቅደም ተከተል ነበር፤ ከጥቂት ረድፎች በቀር ሁሉም ተመለሰ።

እነዚያ ጥቂቶች ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ የተስተካከሉት ነበሩ። በስምንተኛው ማስቀመጥ ከአንዲት ጥቅስ ፊት የሚቆሙት ባክስላሾች 255 ይሆናሉ፤ ዓምዱ ደግሞ የሚይዘው 255 ካራክተር ብቻ ነበር። የዛሬው ማይኤስኪዩኤል፣ ከ5.7 ወዲህ ያለው፣ ጽሑፉ አይበቃም ብሎ ሥራውን ያቆም ነበር፤ ያኛው ግን የተረፈውን ቆርጦ ጥሎ፣ ማስጠንቀቂያውን ማንም በማያየው ቦታ ጽፎ፣ «ተቀምጧል» ይል ነበር። ረድፎቹን ስከፍት የማስታወሻው መጀመሪያ አለ፤ ከዚያ እስከ ዓምዱ ጫፍ ባክስላሽ ብቻ ነው፤ ጥቅሷም ከእሷ በኋላ የነበረውም ጽሑፍ የለም። ለእነርሱ የሚፈታ ነገር ስላልነበረ፣ የጎደለውን ከአሮጌ መጠባበቂያ ቅጂዎች እየፈለግን አንድ በአንድ በእጅ ጻፍነው።